የሾፌር ጌታ በምን ይመዘናል?

ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት የእኅቴ ልጅ ከአጋሮ ወደ ጅማ መጥቶ ከቤቴ አደረ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። እራት ከበላን በኋላ፣ «ጋሼ፣ አንድ የጭነት መኪና ኩባንያ ሊቀጥረኝ ነው። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ከነጋዴና ከሾፌር ጋር ኖረዋል። ይህ ኩባንያ ሾፌሮቹን በደንብ ይይዛል ወይስ አይይዝም? ይፍረዱልኝ» አለኝ።

እኔ በቡና መጋዘን ሚዛን ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝ። ቡና መመዘን አውቃለሁ፤ ጌታ በምን እንደሚመዘን ግን አስቤው እንደማላውቅ የተረዳሁት ያን ሌሊት ነው። ስለዚህ ያሰብሁትን፣ ነገ ተቀጣሪ ወይም ቀጣሪ ለምትሆኑት ወጣቶች ልጽፈው ወደድሁ።

ልጁ አስቀድሞ ያነሣው ደመወዝን ነው። ደመወዝ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው፤ በባዶ ሆድ ስለ ክብር መነጋገር አይቻልም። ዳሩ ግን የገንዘቡን ብዛት ብቻ ማየት ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ወልቂጤ ይወጣል። መደበኛው ደመወዝ ጥቂት ሆኖ በየምልልሱ የሚከፈለው አበል ብዙ ሲሆን፣ ሾፌሩ እንቅልፉን እየሸጠ ይበላል። ኩባንያው «አትተኛ» ብሎ አላዘዘውም፤ ለእንቅልፉ ዋጋ አወጣለት እንጂ።

«እንግዲያስ ሾፌሮቹን ልጠይቅ፤ ካመሰገኑት ጥሩ ነው» አለኝ። ምስጋናም ቢሆን ያታልላል። በየፋሲካው ለእያንዳንዱ ሾፌር በግ የሚሰጥ አንድ ባለ ካሚዮን አውቅ ነበር። ሁሉም ይመርቁታል። ቡና በመንገድ ሳለ እርጥበቱ እየቀነሰ ክብደቱ ጥቂት ሊጎድል እንደሚችል ሚዛን የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እርሱ ግን የጎደለውን ኪሎ ዋጋ ሁሉ ሾፌሩን ሳያስፈቅድ ከደመወዙ ይቆርጥ ነበር። የዓመቱ ቁራጭ ቢደመር የበጉን ዋጋ ሳይበልጥ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ በቀር ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ በእነዚህም ምክንያት ቢሆን የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሢሶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ችሮታ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚገባውን ነጥቆ የማይገባውን የሚሰጥ ሰው ቸር አይባልም። የራሱን በግ ለራሱ መልሶ መስጠቱ ነው።

ደግሞ ሌላ ሰው አውቃለሁ፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ንግግሩ ደረቅ፣ በበዓል እንኳ እጁ የማይዘረጋ። ሌሊት የነዳውን ሾፌር ሳይምር ይቀጣል። ሾፌሮቹም ምልልስ አስቀረብን እያሉ ያሙት ነበር። ደመወዛቸው ግን በቀኑ ይደርሳል፤ የሚቆረጥባቸውም ነገር በወረቀት ተነግሮአቸው የፈረሙበት ብቻ ነው። ስለዚህ የተወደደ ሁሉ ደግ፣ የታማም ሁሉ ክፉ አይደለም። የመኪና ጌታም የጎማ፣ የነዳጅና የባንክ ዕዳ አለበት። የመክፈል አቅሙ ትንሽ የሆነ፣ ነገር ግን ትንሽነቱን አስቀድሞ በግልጽ የሚናገር ሰው በዳይ አይባልም።

እንግዲህ ሚዛኑ ምንድር ነው? እኔ ያገኘሁት አንዲት ቃል ናት፤ «ደክሞኛል» የምትለው። ሾፌር ይህችን ቃል በተናገረ ማግሥት ምን ይደርስበታል? ይህን ለማወቅ የቻልሁት በራሴ ጥፋት ነው።

በአንድ የታኅሣሥ ምሽት አንድ ሾፌር ከቦንጋ ቡና ጭኖ ጅማ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ደክሞኛል፤ ልደር» አለ። ነጋዴው ጭነቱን ጧት አዲስ አበባ ይፈልገዋል። ኩባንያው በስልክ ቢጠየቅ «እርሱ ያውቃል» ብሎ ዘጋ። እኔም ወረቀቱን ፈርሜ ሸራውን አስጠብቄ፣ «ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው፤ ቶሎ ትደርሳለህ» አልሁት። መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ፤ ረዳቱ፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ፣ እግሩ ተቆረጠ። በሳምንቱ ሌላ ረዳት ተተካ። ማንም «ሂድ» ብሎ አላዘዘም፤ ማንም ደግሞ «አትሂድ» አላለም። ኩባንያው ለሾፌሩ ምርጫ የሰጠው መስሎ ጥፋቱን ብቻ ሰጠው። ከዚያ ጥፋት ድርሻዬን እስከ ዛሬ ተሸክሜአለሁ።

ከዚህ በኋላ የሕጉ ቁጥሮች ለምን እንደ ተጻፉ ገባኝ። አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ፣ የትርፍ ሰዓቱን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያግዳል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1971 ዓ.ም. ስለ መንገድ ማጓጓዣ ባወጣው ስምምነት፣ በመሠረቱ ሾፌር ሳያርፍ ከ4 ሰዓት በላይ፣ በቀንም ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ደነገገ። እንጀራውን የሚፈራ ሰው «ደክሞኛል» ለማለት አይደፍርምና ሕጉ ስለ እርሱ ሆኖ ይናገርለታል። ጥሩ ጌታ ማለትም ይህ ቃል በሾፌሩ አፍ ሳይፈራ እንዲነገር ያደረገ ነው።

ስለዚህ የእኅቴን ልጅ እንዲህ አልሁት፦ «በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ አትጠይቅ፤ የወጡትን ፈልግ። ረዳቱ የት እንደሚያድር እይ። ጭነት ሲጎድል ማን እንደሚከፍል ጠይቅ። ደክሞኛል ያለውም ሰው ዛሬ የት እንዳለ ጠይቅ።»

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ከኩባንያው የወጣ አንድ ሾፌር በሻይ ቤት አግኝቶ ኖሮ፣ «ሁለት ጊዜ ደክሞኛል ብዬ አደርሁ፤ በወሩ መኪናዬን ለሌላ ሰጡብኝ። ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረኝም» ብሎታል። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ደመወዙ ግን ጥሩ ነበር» አለ። እኔም አልመለስሁለትም፤ ምርጫው የእርሱ ነውና።

አሁን ሁለት መኪና ላለው ሰው ተቀጥሮ ከሊሙ ወደ ጅማ ቡና ያመላልሳል። የሚያገኘው ያነሰ ነው፤ እናቱም የልጄን እንጀራ ያስቀረኸው አንተ ነህ እያለች ትወቅሰኛለች። ወቀሳዋ ከንቱ ነው አልልም፤ በቤቷ ጉድለት አለና። ነገር ግን ልጁ ሲመሽበት መኪናውን አቁሞ ያድራል፤ ጧትም የሚቆጣው የለም።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፣ ምናልባት አንድ ቀን የመኪና ወይም የመጋዘን ጌታ ትሆኑ ይሆናል። ያን ጊዜ ሠራተኞቻችሁ ያመሰግኗችሁ እንደ ሆነ አትጠይቁ። ከእነርሱ አንዱ «ደክሞኛል» ያላችሁ መቼ እንደ ሆነ አስታውሱ። ማንም ብሎአችሁ የማያውቅ ከሆነ ግን፣ ብርቱ ሠራተኞች አሉኝ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ።