ስለ ጓደኛህ ስትጠየቅ

 

ከነገሌ ቦረና ወይም ከሞያሌ አካባቢ አንድ አባት ደወሉልህ እንበል። «ጓደኛህ ልጄን ለኒካሕ ጠይቋታል። አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አሉህ። አንተ ደግሞ ልጁ ሲናደድ እጁ እንደሚቀድም፣ እህቱን ሲመታ እንኳ እንዳየኸው ታውቃለህ። ምን ትላቸዋለህ?

ብዙዎቻችን «ማሻአላህ፣ ሶላቱን የማያሳልፍ ልጅ ነው» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ሐሜት ይሆንብናል ብለን እንፈራለን።

ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ዒዳዋን ስትጨርስ ሙዓዊያና አቡ ጀህም ለትዳር ጠየቋት። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አማከረች። እሳቸውም ሙዓዊያ ገንዘብ እንደሌለው፣ አቡ ጀህም ደግሞ ዱላውን ከትከሻው እንደማያወርድ ነገሯት። በሌላ ዘገባ ሴት የሚመታ መሆኑ በግልጽ ተጠቅሷል። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን እንድታገባ መከሯት፤ አገባችው፤ አላህም ኸይር አደረገላት። ሐዲሱ ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ አለ። ኢማም ነወዊይም «ሪያዱ ሷሊሒን» ላይ ይህንኑ ጠቅሰው፣ ስለ ትዳር ለሚያማክር እውነቱን መናገር ከተከለከለው ሐሜት እንደማይገባ አስረድተዋል።

ልብ በሉ! የተነገራት ከኒካሕ በፊት ነው። በቆላው ገጠር ሙሽራ ከወላጆቿ ርቃ ትገባለች። ከተመታች በኋላ ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ከብቱ ተሰጥቷል፣ እናቷም ሳትቀር «ቻይው» ትላታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 ከመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 ከመቶ ነበሩ። እንግዲህ የምትመለስበት ቤት ራሱ አይሰማትም ማለት ነው።

«ቁርኣን ፈቅዶልኛል» ብሎ የኒሳእን 34ኛ አንቀጽ የሚጠቅስ ካጋጠመህ፣ አንቀጹ የወረደላቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሴትን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ ባለቤታቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ) መመስከሯን ንገረው። በዘመናቸው ብዙ ሴቶች በባሎቻቸው ዱላ አቤት ሲሉ፣ እነዚያ ወንዶች ከምርጦቹ እንዳልሆኑ ተናግረዋል።

የጉጂ እናቶች በሠርጓ ዕለት ለሙሽራ የሚሰጠውን ዘንግ፣ ሲንቄን፣ ይዘው ለተበደለች ሴት በአንድነት ይወጡ ነበር። እኛስ፣ በአንድ ሶፍ የምንቆመው ጀመዓ፣ ለእህታችን ዝም እንላለን?

ወንድሜ፣ ስትጠየቅ እውነቱን ተናገር። ከዚያ በፊት ግን ጓደኛህን ለብቻው ያዘውና ምከረው፤ በዳይን ከበደሉ መያዝም እርሱን መርዳት ነው። ወሊይ ከሆንክ ስለ ሶላቱና ስለ ከብቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እጁም ጠይቅ።

እህቴ፣ ሶብር ማለት ዱላን ደብቆ መኖር አይደለም። የፍቺ ጉዳይሽን ሁለታችሁም ከተስማማችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያየዋል። ድብደባ ግን ወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል። ለፖሊስ መናገር ባልን ማዋረድ አይደለም።

ያ አላህ! ቤቶቻችንን የሰኪና ቤቶች አድርግልን፣ እጆቻችንን ከዙልም ጠብቅልን፣ ስንጠየቅ እውነትን የምንመሰክር አድርገን። አሚን።