ማን አደለበው?

መስቀል ሲቃረብ ቡኢ ከብት ተራ ቆሜ አንድ ክርክር ሰማሁ። አምና ወይፈን የሸጠ ገበሬ ያው ከብት ሰንጋ ሆኖ እጥፍ ዋጋ ሲጠራበት አየና፣ «ይኼ እኮ የኔ ነበር!» አለ። ነጋዴው ሳቀ። «ያንተማ ወይፈን ነበር። ሰንጋ ያደረገው የኔ ሣርና ፋጉሎ ነው» ሲል መለሰለት። ገበሬው ዝም አለ፤ እኔም በልቤ ለነጋዴው ፈረድኩ። ከብቱ ሲሸጥ ግን ነጋዴው ገበሬውን ጠርቶ ሻይ ጋበዘው።

ይህን ፍርዴን ኒውዮርክ ድረስ ወስጄ ብሞክረው አልሠራ አለኝ። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የሠራችው አንድ ሥዕል በ2023 በሶዝቢስ ሐራጅ 10.7 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ከአፍሪካ ተወላጅ ሠዓሊ እጅ የወጣ ሥራ እስከዚያ ዕለት በሐራጅ ያን ያህል አውጥቶ አያውቅም። ወሬውን የነገርኳቸው ወዳጆቼ «ከበረቻ!» አሉኝ። ከዚያ ሽያጭስ አልከበረችም። አንዴ የተሸጠ ሥዕል ዳግመኛ ሲሸጥ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለሠዓሊው ድርሻ አይሰጥም። ትርፉ የባለንብረቱ፣ ኮሚሽኑ የሐራጅ ቤቱ ነው።

ታዲያ ሥዕሉን ማን አደለበው? ባለንብረቱ አንድ እስር ሣር አልጨመረበትም። ሸራው ያው ሸራ፣ ቀለሙም ያው ቀለም ነው። ያደገው የሠዓሊዋ ስም ነው። ስሙን ያሳደገችው ደግሞ ከዚያ ወዲህ በሠራቻቸው ሥራዎች ራሷ ናት። በ2021 ሰፊ ዐውደ ርእይ ያዘጋጀላትን የዊትኒ ሙዚየምን የመሳሰሉትም አግዘዋታል። ወይፈኑን የሸጠው ገበሬ፣ ሳያውቀው በየቀኑ ወደ ገዢው በረት ሣር እየተሸከመ እንደማለት ነው።

«ገዢውስ? ገንዘቡን ለአደጋ አጋልጧል፤ ዋጋው ቢወድቅ ሠዓሊዋ አትመልስለትም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህም ዋናው ትርፍ የእርሱ ይሁን። ዋናው ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም። ፈረንሳይ ከ1920 ጀምሮ ለሠዓሊው ከዳግም ሽያጭ ድርሻ ታስከፍላለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ይህንኑ ለአባላቱ ደንግጓል፤ ጣሪያው 12,500 ዩሮ ነው። ከአሥር ሚሊዮን ላይ ይህ ጉርሻ ቢሆን ነው። ጉርሻ ግን ረሃብ ለማስታገስ አይሰጥም፤ «አልረሳሁህም» ለማለት እንጂ። አዲስ አበባ ውስጥ ለቤት ኪራይ ሲል የመጀመሪያ ሸራውን ለሚሸጥ ወጣት ደግሞ ከጉርሻም በላይ ነው።

የቡኢው ነጋዴ ሣሩን ራሱ አብልቶ፣ ዕዳ ሳይኖርበት ሻይ ጋበዘ። ምንም ያላበላው ምን ሊጋብዝ ይገባዋል?