ጓዳ የሌለው ማዕድ

መንገድ ላይ ቆሞ መብላት በጎጃም ጨዋ ቤተሰብ ዘንድ ነውር ነበር። ትልቅ ሰው ሲበላ ይከለላል፤ ሲጠጣም አሽከሩ በነጠላ ይጋርደዋል። የሰው ዓይን ይፈራል። ዛሬ ቡሬ መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ ግን፣ ሽማግሌውም ሳይቀር፣ ትኩስ በቆሎውን በሁለት እጁ ይዞ በሰው ፊት ይግጣል፤ የሚታዘበውም የለም። ይህ የችኮላ ነገር ብቻ ነው? ወይስ እንግድነት ራሱ መልኩን ቀይሯል?

የቀድሞው መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር። ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል። ደግነቱ ትልቅ ነው፤ ግን ክብደት አለው። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናቱ፣ ስጦታ ሁሉ የመመለስ ግዴታ ይዞ እንደሚመጣ አሳይቷል። የእኛ ሰው ይህን ውለታ ይለዋል። እንግዳ ወጡ ጨው ቢበዛበት አይናገርም፤ ቢጠግብም «በሞቴ» ሲባል ይጎርሳል፤ ምግቡ የመጣበትን ጓዳም አያይም። ባለቤቱ ሰጪ፣ እሱ ተቀባይ ነው፤ እኩል አይደሉም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 በጻፈው «ዘላለማዊ ሰላም» ላይ ለባዕድ ሰው የሚገባው መብት የእንግድነት ሳይሆን የጎብኚነት ነው ብሏል፤ በደረሰበት አገር እንደ ጠላት ያለመታየት መብት። ጎብኚ ቤት ግባ ባይባልም፣ በሰላም እስካለ ድረስ በጠላትነት አይታይም። እኔ እንደማስበው ይህን ሐሳብ በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ከመንገድ ዳር ከሰል ማንደጃ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ክረምቱ ሲገባደድ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም በወንበርማ ወረዳዋ ሽንዲ፣ የበቆሎ እሸት ጊዜ ይሆናል። ገዢው ቅጠሉን ገለጥ ያደርግና ፍሬውን በጥፍሩ ይጫነዋል፤ ወተቱ ፈንጠቅ ካለ ለጋ ነው፣ ካላለ ጠንክሯል። «ይቺን ጥበሺልኝ» ይላል። ሴትየዋ ፍሙን ታራግባለች፤ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ቆረቆንዳውን በጣቷ እያሽከረከረች ታገላብጠዋለች። አጠገቧ ያለችው ደግሞ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ይዛለች፤ ማጥቀሻው የዚያው አካባቢ በርበሬ ነው። ቡሬና ወንበርማ በበቆሎና በበርበሬ የታወቁ ናቸውና መንገደኛው የሚበላው ግራና ቀኝ ሲያየው የመጣውን ማሳ ነው።

እዚህ ማዕድ ላይ ጓዳ የለም። መርጠኸው፣ ሲጠበስ አይተኸው፣ ከእሳቱ ላይ ትቀበለዋለህ። እምነቱ የተመሠረተው በዘመድነት ወይም በስም ሳይሆን በዓይን ነው። ሌላም አለ። በአገራችን ሥጋ ሰውን ይለያያል፤ ማን ባረከው፣ ማን አረደው ይባላል። ቅቤም በጾም ቀን አይነካም። በቆሎ፣ ድንች፣ ቆሎና ሸንኮራ ግን ረቡዕም ሆነ ዓርብ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ያው ናቸው። ሃይማኖትህን የሚጠይቅህ የለም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳይተዋወቅ አንድ ገበታ የሚቀርበው እዚህ ነው።

ታዲያ ነገሩ ተራ ሽያጭ ነው? ቆሎ ሻጯን እንመልከት። ስኒዋን ሞልታ፣ ቁልል አድርጋ ትገለብጥልሃለች። አንተም «እታለም፣ እስቲ መርቂበት» ትላለህ። እሷ ጥቂት ታጉረመርምና በእፍኟ ትጨምርልሃለች። ያቺ ምራቂ ዋጋ የላትም፤ ቢሆንም ያለ እሷ ግብይቱ ጎደሎ ነው። ሞስ የገለጸው ስጦታም አይደለችም፤ መልስ አትጠብቅም፣ መንገደኛው ወዲያው ይሄዳልና። ሽያጩ ሁለቱን እኩል ካቆማቸው በኋላ ነው ደግነት የሚመጣው። ውለታ የማያስገባ ደግነት ይሉሃል ይህ ነው።

ይህን ስል የጥንቱ ወግ ይሻራል ማለቴ አይደለም። የከሰሉ ማዕድ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ሳንቲም የሌለው አይበላበትም። የእግዜር እንግዳ ግን ባዶ ኪሱን ገብቶ ጠግቦ ይወጣ ነበር። ሽያጭ መስተንግዶን ሊተካው አይችልም፤ ከጎኑ ሊቆም ግን ይችላል።

ሌሎች ይህን ማዕድ ከቁም ነገር ቆጥረውታል። የሲንጋፖር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የጎዳና ምግብ ሻጮችን ውኃና ፍሳሽ ማስወገጃ ወዳላቸው የጋራ ማዕከላት አስገባ፤ ባህሉንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው። በባንኮክ ጄይ ፋይ የተባለች የጎዳና ምግብ አብሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 የሚሽላን ኮከብ ተሸልማለች። ኮከቡ ለእኛ ይቅር። የእኛዋ ሻጭ የሚያስፈልጋት ጥላ፣ እጅ መታጠቢያ ውኃና ከደንብ አስከባሪ ሩጫ የሚያሳርፍ ቋሚ ቦታ ነው፤ ይህ ከአንድ ከተማ አስተዳደር አቅም በላይ አይደለም።

ከአንባቢም የሚጠበቅ አለ። በመኪና መስኮት እጅን ዘርግቶ፣ በአንዲት ብር ተከራክሮ፣ ሞተሩ ሲነሳ ነጥቆ መሄድ ጎብኚነት አይባልም። ውረድ፤ ሰላምታ ስጥ፤ በቆሎውን ራስህ ምረጥ። ምራቂ መጠየቅ ወግ ነው፤ ዋጋዋን ማስቀነስ ግን ይቅርብህ።