መለከትና መከታ

ሰው አደጋ መኖሩ አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ በዚያው አደጋ ቢሞት፥ ደሙ በማን ራስ ላይ ይሆናል? መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ የሚሰጡ ይመስላሉ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ስለ ከተማ ጉበኛ ሲናገር፥ መለከት ሰምቶ ያልተጠነቀቀ ሰው ደሙ በራሱ ላይ መሆኑን ያስተምራል። ኦሪት ዘዳግም ግን አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል። ከጣራ የወደቀ ሰው እንደሚሞት የማያውቅ የለም፤ ሕጉ ግን ሁሉ ያውቀዋልና ይጠንቀቅ ብሎ አላለፈም።

ይህ ነገር ዛሬ በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ጎልቶ ይታያል። አውሮፕላን ወርዶ በቆመ ጊዜ ታኮ የሚያኖሩ፥ ዕቃ የሚያወርዱ፥ የመብራት ገመድ የሚያገናኙ ሠራተኞች ይቀርቡታል። የጄት ሞተር በኋላው ትኩስ ነፋስ ይተፋል፥ በፊቱ አየር ይስባል። የኋላው ነፋስ ሰውን ገፍቶ ስለሚያንገዳግድ ራሱን ያስታውቃል፤ የፊቱ ስበት ግን ቀለም የለውም። ፕሮፔለር ያለውም እንደ ሆነ፥ ቆሞ የሚታየው ምላጭ ሲፈጥን ከዓይን ይሰወራል። (ሰሙን አይቶ ወርቁን የሳተ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ተግሣጽ ያገኛል፤ በዚህ ሜዳ የተሰወረውን የሳተ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም።) ስለዚህ በአውሮፕላኑ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ መብራት ሳይጠፋ መቅረብ ክልክል ሆነ።

በአሜሪካን አገር፥ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ፥ በታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. አንዲት ሠራተኛ በዚህ ስበት ተወስዳ ሞተች። በአውሮፕላኑ ጅራት ውስጥ ሆና መብራት የምትሰጠው ትንሽ ሞተር ተበላሽታ ነበርና፥ የምድሩ ገመድ እስኪገናኝ ድረስ ትልቁ ሞተር እንዲሠራ ግድ ሆነ። መርማሪዎች እንደ ጻፉት፥ ሠራተኞቹ አውሮፕላኑ ሳይደርስ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ይህን ሰምተዋል፤ ሞተሩ ቆሞ ቀዩ መብራት ሳይጠፋ እንዳይቀርቡ፥ የማስጠንቀቂያ ምልክትም እንዳያኖሩ ተነግሯቸዋል። እርሷ ግን ያንኑ ምልክት ይዛ ቀረበች። የኋላው ነፋስ ሊጥላት ሲል ያየ ባልደረባዋ ሊያስጠነቅቃት ሞከረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሚሠራው ሞተር ፊት አለፈች።

በጉበኛው ሕግ ቢፈረድ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን መለከት የሚጠቅመው ለሚሰማ ጆሮ ነው፤ በሞተር ጩኸት መካከል ጆሮውን ከልሎ ለሚሠራ ሰው የባልንጀራው ድምፅ ምን ያህል ይደርሰዋል? ደግሞም ጉበኛው የሚያስጠነቅቀው ከውጭ ስለሚመጣ ጠላት ነው፤ ሞተሩ ግን በባለቤቱ ፈቃድ፥ በተቀጠረለት ሰዓት የመጣ ነው። ስለዚህ ከጠላት ሰይፍ ይልቅ በኦሪት ዘጸአት የተነገረውን ተዋጊ በሬ ይመስላል። በዚያ ሕግ ባለቤቱ የሚጠየቀው በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው በቀረ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው ፊቱን ያዞራል፤ ጉበኛውን ነጻ የሚያወጣው ቃል የበሬውን ባለቤት ያስረዋል። ሁለት ጊዜ ሰብስቦ ያስጠነቀቀ አሠሪ፥ አደጋውን ማወቁን ራሱ መሰከረ።

ሠራተኛው ከቶ አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ ነፍሱን መጠበቅ አደራው ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሠርቶ በደኅና የሚገባ ሰው ፍርሃቱን ልማድ ይበላበታል፤ ይህንንም አሠሪው ያውቃል። የአገሩ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በአሠሪው ላይ 15,625 ዶላር መቀጫ ጣለ። ገንዘቡ ለነፍስ ዋጋ አይሆንም፤ ዕዳው የማን መሆኑን ግን ያመለክታል።

መከታው ምንድር ነው ቢሉ፥ ብዙ ጥበብ አይሻም። ትንሿ ሞተር ሳትጠገን አውሮፕላኑ ከመነሻው አይላክ፤ ወይም ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሌሎችን ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው ይቁም። ይህ ጥቂት ደቂቃ ያዘገያል። በውስጥ የተቀመጠው ተሳፋሪም፥ ጣራው በከፊል የእርሱ መሆኑን ሳያስብ፥ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል።