ማይክሮፎን አማና ነው
ለመሆኑ ዜና ለማሰማት ነጻነት ብቻውን ይበቃልን? ጥያቄውን ያነሳብኝ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቴ የሚኒ ሚዲያ ዜና አዘጋጅ ሳለሁ የሠራሁት ስሕተት ነው።

አንድ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ «የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጽሐፍ የሚያውሱት ለሚያውቁት ብቻ ነው» የሚል ዜና በድምፅ ማጉያ አነበብኩ። ሦስት ተማሪዎች ነግረውኛል፤ ኃላፊውን ግን አልጠየቅኋቸውም። በዕረፍት ሰዓት አስጠርተውኝ የውሰት መዝገቡን ገለጡልኝ። ሦስቱም ቀድሞ የወሰዱትን ያልመለሱ ናቸው። «ልጄ፣ ቢሮዬ እኮ ከማይክሮፎንህ ሃያ እርምጃ ነው» አሉኝ። ማስተባበያውን ያነበብኩት ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ተማሪ ኳስ ሜዳ ሳለ ነበር። ርእሰ መምህሩም ከዚያ ወዲያ እርሳቸው ያላዩት ዜና እንዳይነበብ አዘዙ።

ለዓመታት ርእሰ መምህሩን ስወቅስ ኖርኩ። በኋላ ግን በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ በሄዝልውድ ኢስት ትምህርት ቤት የሆነውን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ርእሰ መምህሩ የተማሪዎች ጋዜጣ ሁለት ገጾች እንዳይታተሙ ከለከሉ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ፣ ስለ ፍቺ በተጻፈው ውስጥ የተወቀሱት ወላጆች መልስ የመስጠት ዕድል አለማግኘታቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1988፣ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ።

ለአንድ ጽሑፍ ጉድለት ሌሎቹንም አብሮ ማስቀረት ፍትሕ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ሃያ እርምጃ ለመሄድ የሰነፈ አዘጋጅ ለሳንሱር በሩን የሚከፍተው በገዛ እጁ ነው። የሰው ስም በጠዋት፣ በሙሉ ድምፅ ከተነሳ፣ ማስተባበያውም በጠዋት፣ በሙሉ ድምፅ ሊነበብ ይገባል።