ልብሱና ለባሹ

(ዘፍ. 3፥7-21፤ ገላ. 3፥27፤ 2 ዮሐ. 12)



ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ልብስ መናገር የሚጀምረው ገና ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንሥቶ ነው። አዳምና ሔዋን ትእዛዝ ከጣሱ በኋላ ዕራቁታቸውን መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ የበለስ ቅጠል ሰፍተው ለበሱ፤ ከእግዚአብሔርም ፊት ተሸሸጉ። እግዚአብሔር ግን ፈልጎ ጠራቸው፤ ከገነት ከማስወጣቱ በፊትም የቁርበት ልብስ አድርጎ ራሱ አለበሳቸው። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ዓይነት ልብስ አለ፤ አንደኛው ሰው ራሱን ለመሸሸግ የሚሰፋው ነው፤ ሁለተኛው የሚወደን የሚያለብሰን ነው።

ዛሬ እነዚህን ሁለት ልብሶች አባቶቻችን በማያውቁት ስፍራ ልንመለከታቸው ይገባናል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር አማካይነት በሚገባበት ምናባዊ ዓለም ውስጥ ነው። የዚህ ዓለም ዜና ወደ ብዙ ቤተሰብ ደርሷልና፣ ወላጆችም ካቴኪስቶችም ምንነቱን ሳይረዱ ሊፈርዱበት ወይም ሊያወድሱት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሚገኘው ሊንደን ላብ የተባለ ድርጅት «ሰከንድ ላይፍ»፣ ማለትም «ሁለተኛ ሕይወት» ብሎ የሰየመውን ዓለም ከፈተ። ወደዚያ የሚገባ ሰው አስቀድሞ አቫታር የሚባል ምስል ይመርጣል፤ ምስሉም በእርሱ ፈንታ ይራመዳል፣ ይነጋገራል፣ ቤት ይሠራል፣ ይነግዳል። ድል የሚደረግ ጠላት ወይም የሚፈጸም ጨዋታ የለበትም፤ ሥራው ኑሮ ብቻ ነው። ሊንደን ዶላር የሚባል የራሱ ገንዘብ አለው፤ ይህም በእውነተኛ ዶላር ይገዛል፣ ይመነዘራልም።

በዚህ ገበያ ውስጥ አለባበስ ትልቅ ስፍራ ይዟል። የሚገዛው ቀሚስና ጫማ ብቻ አይደለም፤ ጠጉርም፣ የቆዳ መልክም፣ የዓይን ቀለምም፣ የአረማመድ ስልት እንኳ ሳይቀር ይገዛል። ይህን ፋሽን እየተከታተሉ በኢንተርኔት የሚጽፉ ሰዎችም አሉ። አቫታራቸውን አስጊጠው ሥዕሉን ያነሣሉ፤ ከሥዕሉ በታች እያንዳንዱ ነገር ከየትኛው ሱቅ እንደ መጣ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ባለ ሱቆችም አዲስ ልብስ ሲያወጡ ይታይላቸው ዘንድ ለእነዚህ ጸሐፊዎች በነጻ ይሰጣሉ።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ይህን ዝርዝር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የጠጉሩ ሠሪ ተጽፏል፤ የጫማው ሠሪ ተጽፏል፤ የቆዳው ሠሪ እንኳ ተጽፏል። ከምስሉ በስተጀርባ ተቀምጦ ያለው ሰው ግን ስሙም፣ ሐዘኑም፣ ደስታውም አልተጻፈም። በጥበብ መዋብ ኃጢአት አይደለም፤ የእጅ ሥራን ማድነቅም መልካም ነው። አደጋው ልብሱ እየታወቀ ለባሹ ሲረሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዚያን ጊዜው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ ለማኅበራዊ መገናኛ ቀን ባስተላለፉት መልእክት፣ ሰው በኢንተርኔት ላይ ሰው ሠራሽ ገጽታ እየፈጠረ ከእውነተኛ ማንነቱ እንዳይርቅ ያስጠነቀቁት ስለዚህ ነው። የበለሱ ቅጠል ዛሬም ይሰፋል፤ የተለወጠው መርፌው ብቻ ነው።

ነገር ግን ሚዛናዊ እንሁን። በዚያ ዓለም ውስጥ ማኅበራትም አሉ። ነዋሪው የገባበት ማኅበር የሰጠው መጠሪያ ከአቫታሩ ራስ በላይ ተጽፎ ይታያል። ሙዚቃ ለመስማት፣ ለመማር፣ ወይም ደዌና የአካል ጉዳት ያለባቸው እርስ በርስ ለመጽናናት የሚሰበሰቡባቸው ማኅበራት አሉ። ከ2005 ጀምሮም ነዋሪዎቹ ለአሜሪካ የካንሰር ማኅበር መርጃ የሚሆን እውነተኛ ገንዘብ በየዓመቱ እያሰባሰቡ ቆይተዋል። እግሩ የምስል ነው፤ ምጽዋቱ ግን የምስል አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር አለን። ማትስ ስቴን የተባለ ኖርዌያዊ ወጣት ጡንቻን እያደር በሚያደክም ደዌ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይኖር ነበር። ነገር ግን «ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ኢበሊን በሚል ስም ብርቱ ጎልማሳ ሆኖ ይመላለስ ነበር፤ ስታርላይት የተባለ ማኅበር አባልም ነበረ። ለረጅም ጊዜ ሕመሙን ከባልንጀሮቹ ሸሸገ፤ በኋላ ግን ራሱ ጽፎ ገለጠላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በ25 ዓመቱ ባረፈ ጊዜ ወላጆቹ ልጃችን ያለ ወዳጅ ኖሮ ሞተ ብለው አዘኑ። የሞቱን ዜና በኢንተርኔት ገጹ ላይ ሲያስታውቁ ግን ከልዩ ልዩ አገር የመጽናኛ መልእክት መጣላቸው፤ ልጃቸው ስንቶችን እንደ መከረና እንዳጽናና ያን ጊዜ ዐወቁ። ከማኅበሩም አንዳንዶቹ ባሕር ተሻግረው በቀብሩ ላይ ተገኙ። ይህም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2024 በዘጋቢ ፊልም ለዓለም ታይቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ማትስ የለበሰው ብርቱ አካል ለጊዜው መሸሸጊያ ሆኖለት ነበር፤ ድካሙን በገለጠ ጊዜ ግን ወዳጆቹ አልሸሹትም፤ ጨዋታው ሲያልቅም ወደ ሬሳው መጡ። የወዳጅነት ፈተናው ይህ ነው። የእኛ ዕድር የሚመሰገነው በመዝገቡ ላይ በሰፈረው የአባላት ብዛት አይደለም፤ ሐዘን በደረሰበት ቤት ድንኳን ተክሎ አብሮ በመቀመጡ ነው። በምናባዊው ዓለም ያለ ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ በሩ ወደ እውነተኛው ሰው የሚከፈት ከሆነ ኅብረት ነው፤ የማይከፈት ከሆነ ግን ያማረ ብቸኝነት ነው።

ሐዋርያው ዮሐንስ በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ብዙ የሚጽፈው ነገር ሳለው በወረቀትና በቀለም መጻፉን ትቶ፣ ደስታቸው ፍጹም እንዲሆን ወደ ምእመናኑ መጥቶ ፊት ለፊት ሊነጋገር ተመኘ። ደብዳቤውን አልናቀም፤ ጽፎታልና። ደብዳቤው ግን የመገናኘት ዋዜማ እንጂ የመገናኘት ምትክ እንዳልሆነ ዐወቀ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 መልእክታቸው የኢንተርኔት ግንኙነት በአካል ለመገናኘት የሚያደርስ ሲሆን እንደሚጠቅም አስተምረዋል። ከዚህም አስቀድሞ የማኅበራዊ መገናኛ ጳጳሳዊ ምክር ቤት በ2002 ባወጣው «ቤተ ክርስቲያንና ኢንተርኔት» በተሰኘው ሰነድ፣ በኢንተርኔት የሚፈጸም ምሥጢር እንደሌለ በግልጽ አስታወቀ። ቃል ሥጋ ሆነ እንጂ ምስል አልሆነም፤ ውኃው እውነተኛ ራስ ላይ ይፈስሳል፤ ቅዱስ ቁርባንም በእውነተኛ አፍ ይበላል።

በአሲዚ ከተማ አንድ ቤተ መቅደስ አለ። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በ13ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአባቱና በጳጳሱ ፊት የሀብታም ልብሱን አውልቆ የጣለበትን ሁኔታ የሚያስታውስ ነው፤ ጳጳሱም በካባው ሸፈነው። በዚያው ቤተ መቅደስ ዛሬ ካርሎ አኩቲስ ዐርፎ ይገኛል። ይህ በኮምፒዩተር ዕውቀቱ የታወቀ ወጣት ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት የሚያስረዳ የኢንተርኔት ገጽ ያዘጋጀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በ15 ዓመቱ ዐርፎ በ2025 ቅድስናው ታወጀ። አካሉ ጂንስ ሱሪና የስፖርት ጫማ ለብሶ ይታያል። አንዱ ልብሱን ጣለ፤ ሌላው እንደ ዘመኑ ልጆች ለበሰ፤ ሁለቱም ግን በጥምቀት ክርስቶስን ለብሰዋልና አንድ ቤት ያዛቸው።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቱ ወደዚህ ዓለም እንደሚገባ ስትሰሙ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ብቻ አትጠይቁት። በዚያ የምታገኛቸው ሰዎች እውነተኛ ኑሯቸው ምን እንደሆነ ታውቃለህን? በሉት። ከነርሱ መካከል ያዘነ ቢኖር ምን ታደርግለታለህ? በሉት። ደግሞም ምን ሸሽገሃል? ብላችሁ ሳታሳፍሩ፣ በትዕግሥት ጠይቁት። ከኛ ዘንድ ያላገኘውን ወዳጅነት ፍለጋ የሄደ እንደሆነ ግን ነቀፌታው ወደ ቁምስናችን ይመለሳል፤ ከቅዳሴ በኋላ ስሙን ጠርቶ ያነጋገረው ነበርን? ልጆች ወደ ሩቅ ዓለም ሄደው የሚለብሱት ቅጠል ብዙ ጊዜ በአጠገባቸው ያለው ሰው ሳያለብሳቸው የቀረው ፍቅር ነው።

ዕራቁት የሆነውን ማልበስ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ እንደሆነ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አስተምሮናል። ብቸኝነት ዕራቁትነት ነው። እያንዳንዳችን ከዚህ ሰንበት ጀምሮ አንድ ብቸኛ ሰው ፈልገን በሩን እናንኳኳ፤ ሩቅ ያለ እንደሆነም መልእክት እንላክለት፤ የምንገናኝበትንም ቀን እንቁረጥለት።

አዳምን ፈልጎ ያለበሰ አምላክ እኛንም በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ ያልብሰን፤ ፊት ለፊት እስክናየውም ድረስ በአንድ ማዕድ ይሰብስበን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፣ ለዘለዓለሙ። አሜን።