የዝናብን ሽታ የተቀባ ሰው

ተረጭቶ የሚቀባው ሽቶ አልኮል ስላለበት ወዲያው ተንኖ ክፍሉን ይሞላል። የዘይት ሽቶ ጠባዩ ሌላ ነው። ከትንሿ ብልቃጥ ተቀድቶ በእጅ አንጓና ከጆሮ ሥር ጠብ ሲል ቆዳ ላይ ይቀራል፤ የሚሸተውም ለቀረበ ሰው ብቻ ነው። በሞያሌ፣ ከድንበሩ ወዲህ ሽልንግ ወዲያ ብር በሚቆጠርባት ከተማ፣ አልኮል የሌለበትን ቅባት ለዓርብ ሶላት የሚመርጥ ጥቂት አይደለም።

«አረንጓዴ ሻይ» ተብሎ የሚሸጠውን፣ የአፈር ጠረን ያለውን ዘይት አንድ ሰው ተቀባ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አፍንጫ የሚያገኘው የሎሚ ልጣጭና አሁን የታጨደ ሣር የሚመስል ሽታ ነው። ጥቂት ምሬት አለው፤ ስኳር ያልገባበት ሻይ ምላስ ላይ የሚተወውን ዓይነት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያልፍ ሎሚው ይጠፋል፤ ሣሩም ይደርቃል። ከዚያ በታች ቀስ ብሎ የሚወጣው ጓዳ ውስጥ የቆየ እንስራን የሚያስታውስ ርጥብ አፈር ነው። ለብዙ ሰዓት ቆዳ ላይ የሚቆየውም ይኸው ነው።

ዳሩ ግን በብልቃጡ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሻይም አፈርም የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ፈረንሳዊው ቀማሚ ዣን ክሎድ ኤሌና ለቡልጋሪ የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ ሲሠራ፣ የሻዩን ጠረን ያገኘው ቅጠሉን ጨምቆ ሳይሆን ሌሎች ቅመሞችን አገናኝቶ ነው። አፈሩም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከፓቹሊ ቅጠል ወይም ከቬቲቨር ሣር ሥር ከሚጣራ ዘይት ነው። ቬቲቨርን የኢሉባቦር ገበሬዎች አፈራቸው በጎርፍ እንዳይወሰድ ይተክሉታል። አፈርን ጨምድዶ የሚይዘው ሥር የአፈርን ሽታ ማዋሱ ያስገርማል።

ስለ ሻዩ የሞያሌ ሰው ብዙ የሚከራከር አይመስልም። ለእርሱ ሻይ ወተት የገባበት፣ ስኳሩ የበዛ መጠጥ ነው፤ አረንጓዴው የሌላ አገር ነገር ነው። አፈሩ ግን የራሱ ነው። ጥያቄውም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ደረቅ መሬት ዝናብ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ እ.ኤ.አ. በ1964 ኢዛቤል ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች «ፔትሪኮር» ብለው ሰየሙት። ከሽታው አንዱ ክፍል በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ተሕዋስያን የሚሠሩት ጂኦስሚን ነው፤ የሰው አፍንጫ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ሆኖ እንኳ ይለየዋል። በሕንድ የካኖጅ ከተማ ቀማሚዎች ደግሞ የተተኮሰ ሸክላ ከውኃ ጋር አፍልተው እንፋሎቱን በሰንደል ዘይት ይይዙታል። የዝናብን ሽታ በብልቃጥ የመያዝ ምኞት እንግዲህ የዛሬ አይደለም።

ለቦረና አርቢ ግን ይህ ሽታ ጌጥ ሳይሆን ወሬ ነው። ነፋስ ይዞት ሲመጣ በአንድ ወገን መዝነቡን ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መገባደጃ እስከ 2022 መጨረሻ በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ በቦረናም በማርሳቢትም ከብቱ ሜዳ ላይ አለቀ። በዚያን ጊዜ ርጥብ አፈር የሚሸት ሰው በገበያ መካከል ቢያልፍ፣ ላሞቹን ያጣ አንድ ሽማግሌም ቀና ብለው ሰማዩን ቢያዩ፣ ተታለሉ ይባላልን? ያታለላቸውስ ማን ነው?

ሐሰት ነው የሚል ወገን ማስረጃ አያጣም፤ ሽታው የሌለ ዝናብ ምስክር ነውና። ነገር ግን እውነተኛው ሁሉ ንጹሕ፣ አስመስሎ የተሠራውም ሁሉ ነውረኛ አይደለም። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ለአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች በቀንድ እየታሸገ የሄደ ዝባድ አቅርባለች። ዝባዱ እውነተኛ ነበር፤ ጥርኙ ግን በጠባብ የእንጨት ማጎሪያ ታስሮ ይኖር ነበር። በላቦራቶሪ የተሠራው ምትክ ቢያንስ እንስሳ አላሰረም።

የቦረና የወተት ዕቃም አለ። ዕቃው በእንጨት ጢስ ይታጠናል፤ ወተቱም ላሟ ያልሰጠችውን ጠረን ይዞ ይቀርባል። ተታለልኩ የሚል ጠጪ የለም፤ ሽታው ከየት እንደመጣ አቅራቢውም ጠጪውም ያውቁታልና። በገበያው መካከል የጎደለው ይህ የጋራ ዕውቀት ነው። ሽቶ የተቀባው ሰው «ዘንቧል» አላለም፤ ስለዚህ ዋሸ ማለት ይከብዳል። ሽማግሌው ግን የሰሙት «ዘንቧል» የሚለውን ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሽቶ የነካውን መሐረብ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ሳይወዱ ያካፍላቸዋል ሲል ወቅሷል። (ምሳሌውን ያመጣው ስለ ሙዚቃ ሲናገር ነው፤ የጎረቤት መዝሙር ያስመረረው ሰው ነበር።) አማርኛ ይህንኑ በአንድ ቃል ይዞታል። «ሸተተኝ» ሲባል አድራጊው ነገሩ ነው፤ ሰውየው የሚደረግበት ነው። ዐይን ይከደናል፤ አፍንጫ ግን እስትንፋስ እስካለ ድረስ ክፍት ነው።

በዚህ ላይ የተቀባው ሰው ራሱ ብዙም ሳይቆይ ሽታውን ይለምደዋል፤ ከለመደውም በኋላ አይሰማውም። ገንዘብ የከፈለበት ሽቶ የራሱ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። የዘይት ሽቶ ከካንት መሐረብ የሚሻለው ክልሉ ጠባብ በመሆኑ ነው። የሚደርሰው እጅ ለጨበጠ፣ ጉንጭ ላስነካ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ሻይ ለሚጠጣ ሰው ነው። እንዲህ የቀረበ ሰው ደግሞ ይጠይቃል፤ ተቀቢውም ብልቃጡን አውጥቶ ያሳያል። ያን ጊዜ ሽታው እንደ ወተቱ ጢስ ምንጩ የታወቀ ይሆናል። በጠባብ የገበያ መንገድ ትከሻ ለትከሻ ተሻሽተው ላለፉት ሽማግሌ ግን ይህ ዕድል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ዝናቡ መጣ፤ በሁለቱም ወገን ጎርፍ ሆኖ። በዚያ ሳምንት ርጥቡ አፈር ከየአቅጣጫው ይሸት ስለነበር፣ ያን ዘይት የተቀባ ሰው ቢኖርም ከሌላው የሚለየው አይገኝም ነበር።